በአጥሩ ዳር የተባልኩት ነገር

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ቃል የገባሁላችሁን የምጣዱን ታሪክ የምትጠብቁ ሁሉ ዛሬም ታገሡኝ፤ ከሰሞኑ ሐሳቤን የያዘው እዚህ አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያለው የዊተን ኦቫል ሜዳ ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁና በዚህ እንዳትወቅሱኝ።

ሜዳውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኒኮልሰን ጎዳና ላይ ቡናችንን ጠጥተን ወደ ዌስት ፉትስክሬይ ስንመለስ ባርክሊ ጎዳና ዳር የምናልፈው ነው። የሰፈሩ የአውስትራሊያ ፉትቦል ቡድን፣ የፉትስክሬይ ክለብ፣ በ1925 ወደ ትልቁ ሊግ ከገባ ጀምሮ እስከ 1997 ድረስ፣ በጦርነቱ ምክንያት ያራቪል ከተጫወተበት ከ1942 በስተቀር፣ ባለሜዳ ሆኖ የኖረው እዚያ ነው። በ1955 ኮሊንግዉድ የተባለው ተቀናቃኝ ክለብ ሲመጣ 42,354 ሰው ገብቶበታል። አሁን ባለው ስፋቱ ያ ሁሉ ሕዝብ የት እንደቆመ ማሰብ ያዳግተኛል።

እኔን ያሳሰበኝ ግን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቡድኑ ልምምድ ላይ ነበር፤ እኔም እንደ ልማዴ ነፋሱን እያማረርኩ አጥሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የአንገት ልብስ ያደረጉት አዛውንት አጠገቤ መጥተው፣ ሳልጠይቃቸው፣ በጣታቸው ወደ ሜዳው መሃል እያመለከቱ በበጋ ክሪኬት የሚጫወቱት እዚያ እንደነበር ነገሩኝ። የክሪኬቱ ሜዳ በክረምት ለኳሱ ሲባል ይረገጥ፣ ይቦካ ነበር፤ በበጋ ደግሞ ተስተካክሎና ተዳምጦ ለክሪኬት ይመለስ ነበር። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝን ልንገራችሁ፦ የዚህ አገር የጭቃ ወራትና የእኛ ክረምት አንድ ናቸው፤ ሐምሌ እዚህም ሐምሌ ነው። ሽማግሌው የመርቭ ሂውዝን ጢም በእጃቸው እየሠሩ አሳዩኝ። አገር ከአገር በሚጋጠምበት በቴስት ክሪኬት 212 ዊኬት የወሰደው፣ ማለትም 212 ጊዜ መቺ ያስወጣው፣ ያ ግዙፍ ወርዋሪ የፉትስክሬይ ክሪኬት ክለብ ልጅ ነውና ኩራታቸው አልገረመኝም።

ከዚያ ዝም አሉ። ቀጥለውም፣ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሡ፣ «ልጆቼ ሁሉም ወደ ሜልተን ሄደዋል፤ እንግዲህ ከእነሱ ይልቅ የፉትስክሬይ ሰው አንተ ነህ» አሉኝ። ሜልተን ከከተማው በስተምዕራብ ራቅ ያለ ዳርቻ ነው።

ይህን ዐረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳመላለስኩት አትጠይቁኝ። ድምፃቸው የተቆጣ አልነበረም፤ የደስታም አልነበረም። «እንግዲህ» የምትለዋን ሲናገሩ የአጥሩን ብረት መታ መታ አደረጉ። ምርቃት ከሆነ ሰው ሲመርቅ ፊት ለፊት ያያል፤ እሳቸው አላዩኝም። ወቀሳ ከሆነ ደግሞ ለምን ከኪሳቸው ከረሜላ አውጥተው ሰጡኝ? ከረሜላውንም በላሁት፤ ወቀሳ ከረሜላ የለውም ብዬ። እቤት ስደርስ ግን ለልጆቻቸው የገዙትን ይሆን የሰጡኝ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ልጆቻቸው የሃምሳ ዓመት ጎልማሶች መሆን አለባቸው እኮ!

እሳቸው የሚያስቡት ፉትስክሬይ የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ጎርደን ጎዳና ላይ የጥይት ፋብሪካ፣ በአካባቢው የገመድ ፋብሪካና ቄራ የነበረበት። የክለቡ ዝነኛ ተጫዋች ቴድ ዊተን ከዚያ ሕዝብ መካከል የወጣ ሰው ነው። በ1954 የክለቡን የመጀመሪያ ዋንጫ ካነሡት አንዱ ሲሆን፣ በ1995 ካንሰር ዓይኑን አጥፍቶበት ሳለ በመኪና ሆኖ የሜልቦርንን ትልቁን ስታዲየም ሲዞር ሕዝቡ እያለቀሰ ተሰናበተው። በዚያው ዓመት ሲሞት ዌስተርን ኦቫል ይባል የነበረው ሜዳ በስሙ ተጠራ። የዚያን ዕለት ምስል ባየሁ ቁጥር ለምን ሆዴ እንደሚባባ አላውቅም፤ ሰውየውን አላውቀው፣ ሲጫወት አላየሁት።

በኦክቶበር 1989 ደግሞ ሊጉ ክለቡን በዕዳው ምክንያት ከሌላው የሜልቦርን ክለብ ከፊትዝሮይ ጋር ሊያዋህደው ወሰነ። ደጋፊዎች ሜዳው ላይ ተሰበሰቡ፤ ፍርድ ቤት ሄደው ጊዜ አገኙ፤ በየመንገዱ የመዋጮ ቆርቆሮ እያንኳኩ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡና ክለቡን አዳኑት። ፊትዝሮይ ግን ከሰባት ዓመት በኋላ ከብሪዝበን ክለብ ጋር ተዋሃደ። ሽማግሌው ያኔ ቆርቆሮ ይዘው ወጥተው ከሆነ፣ «የፉትስክሬይ ሰው» የሚለውን መጠሪያ ለእኔ በነፃ መስጠታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ወይም ደግሞ እኔ አጋንኜው ይሆናል።

ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ያን ያህል የተዋደቁለት ክለብ በ1996 መጨረሻ ፉትስክሬይ የሚለውን ስም ከራሱ ላይ አውጥቶ ዌስተርን ቡልዶግስ መባሉ ነው። በቀጣዩ ዓመት ዋናው ቡድን በሜዳው መጫወቱን አቆመ። የክሪኬት ክለቡም ዛሬ የሚጫወተው በሂውዝ ስም በተሰየመ ሌላ ሜዳ ላይ ነው። በ2016 ከ62 ዓመት በኋላ ዋንጫው ሲመጣ ግን ሕዝቡ በማግስቱ የተሰበሰበው እዚሁ ነበር። ቡድኑ ሄዶ፣ ስሙ ሄዶ፣ ደጋፊው ሜልተን ሄዶ፣ ታዲያ ለምን እዚህ?

ጃን ሜዳም ትዝ ይለኛል። ጥምቀት ይከበርበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ይሮጥበታል፤ በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ አትክልት ተራ እዚያ ሲዛወር ግን ስንቶቻችን ከዚህ ርቀት ሆነን ተበሳጨን? ከወጣንበት ስንት ዓመታችን ነበር? ሽንኩርት የሚሸጡት ሰዎች «እንግዲህ ከእናንተ ይልቅ እኛ ነን» ቢሉን… ይህን ብተወው ይሻለኛል፤ ንጽጽሩ ልክ መሆኑን እንጃ።

ዊተን ኦቫል ዛሬ የሕፃናት መዋያ አለው፤ የኛ ሰዎች ልጆችም ይውሉበታል። የክለቡ ሴቶችም ከ2017 ጀምሮ ይጫወቱበታል፣ በ2018 ዋንጫ ወስደዋል። የምታውቋት የእህቴ ልጅ ይህን ሰምታ ካላስመዘገባችሁኝ ብላ ቤቱን አውካለች። እናቷ ኳሱ ክብ እንኳን ባልሆነ ጨዋታ ልጄን አላስረግጥም ባይ ናት። እኔን ዳኛ አድርገውኛል፤ ፍርዴን ከመስጠቴ በፊት ያን ሽማግሌ ባገኛቸው ብዬ ተመላልሼ ነበር። ልጠይቃቸው የምፈልገው ግን ስለ ልጅቷ ይሁን ስለ ከረሜላው፣ እሱም ገና…