ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ?

በጥያቄ ልጀምር። ኮምፒውተራችሁ ሲንቀራፈፍባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አጥፍታችሁ ታበሩታላችሁ፣ አይደል? እኔም ለዓመታት ያንኑ ነበር የማደርገው። ሻት ዳውን እለዋለሁ፣ ትንሽ ታግሼ እከፍተዋለሁ፣ ያው በገሌ!

ለካስ አልጠፋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። እሱ በርቶ ከሆነ፣ ሻት ዳውን ስትሉት የእናንተን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን ግን፣ ራም (ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚረሳው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ላይ እንዳለ ዲስክ ላይ ይገለብጠውና በማግስቱ ያንኑ መልሶ ያነሳዋል። ትናንት የታመመው ዛሬም እንደታመመ ይነቃል ማለት ነው። ከዜሮ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ከዜሮ መጀመር ራሱ የሚገርም ነገር ነው። ማብሪያውን ስትጫኑ ራሙ ባዶ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ነው፤ እዚያ ሄዶ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠውን ትንሽ ፕሮግራም ማንበብ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ይህ ፕሮግራም ባዮስ ነበር። ባዮስ ዕቃዎቹን ይፈትሽና ከዲስኩ መጀመሪያ 512 ባይት ብቻ ያነባል። 512 ባይት ስንት ነው? ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 170 ፊደል ቢይዝ ነው። አጭር መልእክት በሉት። እዚያች ውስጥ የተቀመጠው ኮድ ሥራው ከሱ የሚበልጠውን መቀስቀስ ነው፣ ያም ሌላ ይቀሰቅሳል፣ በመጨረሻ ከርነሉ ይነሳል። የዛሬዎቹ ማሽኖች ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ስላላቸው ፋይሉን በቀጥታ ከዲስክ ያነባሉ፤ ያ ጭንቀት ቀርቷል።

ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ከርነሉ ሲነሳ አንድ ፕሮግራም ብቻ ያስነሳል፤ መለያ ቁጥሩ 1 ነው። ሌላውን ሁሉ የሚያስነሳው እሱ ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ፣ አንድ ፕሮግራም ልጆቹን ትቶ ከሞተ፣ አብዛኛውን ጊዜ እነዚያን እጓለማውታ የሚያሳድጋቸው ይኸው ቁጥር 1 መሆኑ ነው።

ከጀርባ ሆነው የሚሠሩት ፕሮግራሞች እንግዲህ ዴመን ይባላሉ፤ ጋኔን እንደማለት። አትደንግጡ፣ ጸበል አያስፈልግም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ከፊዚክስ ወሰዱት፤ ማክስዌል የሚባለው ሳይንቲስት ሞለኪውሎችን ሳይታክት እየለየ የሚያሳልፍ አንድ የማይታይ ፍጡር በሐሳቡ ፈጥሮ ነበር፣ ከሱ ነው።

የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀር ስትከፍቱ 200 ስም ሊወጣ ይችላል። እኔ ያኔ ተናድጄ የማላውቀውን ስም ሁሉ እየመረጥኩ ስገድል ድምፁ ጠፋብኝ፤ ለካ ድምፁን የያዘውም እዚያ ውስጥ ነበር። ብዙዎቹ ግን ተኝተዋል። የተኛ ፕሮግራም ትንሽ ሜሞሪ ይይዛል እንጂ ፕሮሰሰሩን አይነካም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወይም ዳታ ሲመጣለት ከርነሉ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ብዛታቸውን ተዉት። ራም ሞላ ብላችሁም አትሸበሩ፤ ሲስተሙ ትርፍ ራም ካገኘ ደጋግማችሁ የምትከፍቱትን ፋይል ያስቀምጥበታል። ራም አጸዳለሁ የሚሉ ፕሮግራሞች ይህን ጠርገው ሲጥሉት፣ ማሽኑ እንደገና ከዲስክ ሊለቅም ይገደዳል። በኔ እምነት ባታወርዷቸው ይሻላል።

የሚያንቀራፍፉት «ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት» የሚባልላቸው ናቸው። ስትጭኗቸው ራሳቸውን በስታርትአፕ ዝርዝር ያስመዘግባሉ። ከዚያ ገና ፓስወርድ አስገብታችሁ ስትጨርሱ፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ ቻቱ፣ ጌሙ፣ አፕዴት ፈላጊው ሁሉ በአንዴ ተነስቶ ዲስኩን ይሻማል፤ በተለይ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ማንበቢያው ክንድ ከወዲያ ወዲህ ሲሮጥ እናንተ ማውሱን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። እነዚህን ከዝርዝሩ ማጥፋት ፕሮግራሙን አይሰርዘውም፤ ስትፈልጉት ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። አንቲቫይረሱን ብቻ ተዉልኝ።

አሁን ዊንዶውስ ላፕቶፕ የያዛችሁ ክፈቱት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ስታርትአፕ የሚለው ውስጥ ግቡና «ሃይ» የተባሉትን፣ ማለትም ማሽኑን ሲነሳ በጣም የሚያዘገዩትን፣ ቁጠሩ። ከአምስት በላይ የወጣለት እጁን ያውጣ፣ ከሱ እንጀምራለን።