የዙም ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተከበራችሁ መምህራን፣ አሠልጣኞች፣ የኦንላይን ገለጻ አዘጋጆች፣ እህት ወንድሞቼ፤

ዛሬ እዚህ ጣና ዳር ፊት ለፊት በመገናኘታችን ደስ ብሎኛል። ፊታችሁን አያለሁ። ለወትሮው ዙም በሚባለው የቪዲዮ ስብሰባ ላይ የማየው ጥቁር ሳጥን ነው። ሳጥኑ ላይ ስም ካለ ዕድለኛ ነኝ። አንዳንዱ የስልኩን ሞዴል ስም ይዞ ነው የሚገባው። «ጋላክሲ፣ እንኳን ደህና መጣህ» ብዬ ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ መሰላችሁ! በኋላ ስትናገር ሴት ሆና ትገኛለች።

አዘጋጆቹ «ሰው በብዛት እንዲገኝ ገለጻውን መቼ እናድርገው?» በሚለው ላይ ተናገር ብለውኛል። ለመምህራን በዙም ገለጻ ሳዘጋጅ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከተሳካልኝ የከሸፈብኝ ይበዛል። እሱን ነው የምነግራችሁ።

ካፈርኩበት ልጀምር። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ዙም ላይ ስመዘግበው ኮምፒውተሩ በፈረንጅ አቆጣጠር 9፡00 ብሎ ጻፈ። እኔም ሊንኩን ከነጽሑፉ ገልብጬ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩት። አንድ የአማርኛ ቃል አልጨመርኩበትም። ጠዋት 3 ሰዓት ከፈትኩ። የገባው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ሆዴ ቢያዝንም ስላይዱን እስከ መጨረሻው አስረድቼ ዘጋሁ። ምሳዬን በልቼ ጋደም እንዳልኩ፣ ልክ 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ይጮህ ጀመር። «ቲቸር፣ ዙሙ አልተከፈተም እኮ!» አንዱን ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። አንዲት መምህርት ልጇን ጎረቤት አስይዛ፣ ስልኳን ሞልታ፣ ደብተር ይዛ ተቀምጣ ነበር። እሷን ምን ብዬ እንደመለስኩላት ባልነግራችሁ ይሻለኛል።

ከዚያ ወዲህ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር» ሳልል ማስታወቂያ አላወጣም። ቀኑንም ሐሙስ ብዬ ስሙን እጠራለሁ። ቁጥር ብቻውን ሲሄድ ሰው ለሁለት ይከፈላል።

ተናጋሪው ውጭ ሀገር ያለ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትነካም። ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት እንደቀደመች ናት። አሜሪካኖቹ ግን በፈረንጆቹ መጋቢት በሁለተኛው እሁድ ሰዓታቸውን ወደፊት ይገፋሉ። በኅዳራቸው የመጀመሪያ እሁድ ይመልሳሉ። አውሮፓውያኑ የሚቀይሩበት እሁድ ደግሞ ሌላ ነው። ዋሽንግተን ያለ አንድ የሀገር ልጅ ገለጻ እንዲያቀርብልን ጥር ላይ ተነጋገርን። ለእሱ እኩለ ቀን፣ ለእኛ ምሽት 2 ሰዓት። ተስማማን። ቀኑ የደረሰው መጋቢት አጋማሽ ላይ ነው። በመሃል የእነሱ ሰዓት ተገፍቷል። ሰውየው በምሳ እረፍቱ፣ በእሱ እኩለ ቀን ገባ። እኛ ጋ ገና ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ እራት እየበላን ነበር። «አዘጋጁ እስኪያስገባዎት ይጠብቁ» የሚለውን ጽሑፍ አፍጥጦ ሲያይ ቆይቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኛ 2 ሰዓት ላይ ገብተን እሱን መጠበቅ ጀመርን። አሁን ከውጭ እንግዳ ስጋብዝ ከገለጻው ሁለት ቀን በፊት «አሁን አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። አይታክተኝም።

ወደ ዋናው ልግባ። በዚህ ነገር ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ምክር፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ረፋድ ላይ አድርጉት ይላል። ምክሩ ለእነሱ ይሠራል። ቢሮ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ፣ ዋይፋይ የማያልቅበት ሰው ነው በልባቸው ያለው። እኔም አምኜ ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ ሞከርኩት። የገባው ሰው ብዛት አስደሰተኝ። ከዚያ ጥያቄ ጠየቅኩ። ጸጥ። በስም ጠራሁ። ጸጥ። በመጨረሻ የአንዱ ማይክ ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሮ ድምፅ መጣ፤ «ማህተሙን ማን ወሰደው?» እያለ ቢሮውን ያምሳል። ስሙ ግን በተገኙት ዝርዝር ውስጥ አለ። ሪፖርት ላይም ተገኝቷል ተብሎ ይጻፍለታል።

እንግዲህ ሰዓት ስንመርጥ ዝርዝሩን ነው የምንሞላው ወይስ ሰውየውን ነው የምንፈልገው? እኔ ሰውየውን ከሚሉት ነኝ። ለዚህ ደግሞ ሰውየው ቀኑን እንዴት እንደሚውል ማወቅ ግድ ነው።

መምህራንን እንውሰድ። ፈረቃ ያለበት ትምህርት ቤት ጠዋት ብታደርጉት ግማሹ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሰዓት ብታደርጉት ሌላው ግማሽ። ስለዚህ «ከሥራ መልስ ይሁን» አልንና 12 ሰዓት ላይ አደረግነው። ከወረቀት ላይ ሲታይ ቆንጆ ሰዓት ነው። ሰው ግን አልመጣም። ቴሌግራም ላይ ድምፅ ስናሰጥ ደግሞ 12 ሰዓት አሸነፈ! ግራ ገባኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ድምፅ የሰጡት ድሮም ኢንተርኔት ላይ የማይጠፉት ናቸው። የማይመጣው ሰው ድምፅም አይሰጥም።

ስለዚህ ከቀሩት ውስጥ አምስት መርጬ ደወልኩ። በወቀሳ አልነበረም፤ «እንዴት ሰነበትሽ፣ ሰዓቱ አልመች አለሽ እንዴ?» ብዬ ነው። ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር አንዲት መምህርት ሳቀች። «ቲቸር፣ እናንተ ስትጀምሩ እኔ ላም እያለብኩ ነው።» በእጇ ወተት፣ በጎኗ ጥጃ። ስልኩን በምኗ ትያዘው? ሌላኛዋ ወጥ ጥዳ ነው። አንዱ ባጃጅ ውስጥ ነው። ገበያ በኩል መንገዱ ተጨናንቆ፣ ሙዚቃው ተከፍቶ፣ እንኳን ገለጻ የራሱንም ድምፅ አይሰማም። ላም የምታልበዋን «ታዲያ መቼ ይመችሻል?» ስላት መልሷን ሳታስብ ነው የሰጠችኝ። «ሁለት ተኩል። ልጆቹ ተኝተው፣ እኔም እግሬን ታጥቤ።»

ምሽት 2 ተኩል ያገኘነው እንዲህ ነው። እራት ተበልቷል። ስልኩ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል። ሰፈሩም ጸጥ ብሏል። 3 ተኩል ብትሉ ደግሞ እንቅልፍ ይቀድማችኋል።

ይህን ሰዓት ለሁሉም አልመክርም። የጤና ባለሙያ ተረኛ ነው። ነጋዴ ምሽት ላይ ሒሳብ ይዘጋል። የእናንተን ሰው የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ቀኑን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ ገበያ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አለ፤ ከአርሰናል ደጋፊ ጋር አትወዳደሩ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ማኅበር፣ ዕድር ነው። ዓርብ ከ5 ተኩል እስከ 7 ተኩል መሥሪያ ቤት ስለሚዘጋ «ሰፊ ክፍት ጊዜ አገኘን» የሚል አዘጋጅ አውቃለሁ። ያ ሰዓት ለጁምዓ የተሰጠ ነው፤ ክፍት አይደለም። ወሩ ሲገባም 12ን፣ 21ን፣ 23ን፣ 27ን ተመልከቱ። በጊዮርጊስ ቀን ጠዋት ባሕር ዳር ላይ ገለጻ የሚጠራ ሰው እንግዳ ነው ይባላል።

ጾም ሲገባ 2 ተኩልም ይፈተናል። በዓቢይ ጾም ቀን ላይ ማድረግ አይሆንም፤ ሰው ቅዳሴ ላይ ነው፣ ወይም በባዶ ሆዱ ያንጎላጃል። በዚያ ላይ የመጋቢትና የሚያዝያ 8 ሰዓት የባሕር ዳር ሙቀት አለ። በረመዳን ደግሞ ምሽቱ ይያዛል። ከኢፍጣር በኋላ ዒሻና ተራዊህ የሚባሉት የምሽት ሶላቶች አሉ። አንድ ረመዳን ሙሉ በ2 ተኩል ስንገናኝ ሙስሊም ባልደረቦቻችን አንድም ቀን አለመግባታቸውን ያስተዋልነው ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ማንም አልከሰሰንም። ዝም ብለው ቀሩ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደኋላ ስለሚመጣ፣ ያምናውን የጊዜ ሰሌዳ ገልብጦ መጠቀም አያዋጣም።

ክረምት ላይ ሌላ ችግር አለ፤ ቆርቆሮ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ተናጋሪው አፉ ሲንቀሳቀስ ነው የምታዩት። በክረምት ጠዋትን እመርጣለሁ፤ መምህሩም እረፍት ላይ ነው።

መብራትን ዝም ብዬ ባልፈው ትታዘቡኛላችሁ። መብራት በሰዓት ምርጫ አይገኝም። እኔ የማደርገው ረዳት አዘጋጄን ከሌላ ሰፈር መምረጥ ነው። እኔ ጋ ሲጠፋ እሷ ትቀጥላለች፤ ስላይዱ እሷም ጋ አለ። ሁለታችንም ጋ ከጠፋ እንተኛለን። የሞባይል ዳታ ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት ደግሞ ፍላሽ ይዘን በባጃጅ ዞረናል። ያኔ ስለ ሰዓት ያሰበ ማን ነበር?

አንድ ነገር ስለ አጀማመር። ዙም በነጻ ስትጠቀሙበት 40 ደቂቃ ነው የሚሰጣችሁ። «ይሰማል? ይሰማል?» ስትሉ 10 ደቂቃው ያልቃል። እኛ ሀገር ቡና የተጠራ ሰው አቦል ላይ አይደርስም፤ ቶና ላይ ነው የሚመጣው። ይህን ለማረም 3 ዓመት ታገልኩ። አሁን ተውኩት። መጀመሪያ ላይ ሰላምታና የጥያቄ ማሞቂያ አደርጋለሁ። ዋናውን ቁም ነገር ቶና ላይ አቀርባለሁ። በረካ ላይ ጥያቄ እንቀበላለን። ለቅሶ የሄደ ካለ ቅጂውን በቴሌግራም እልክለታለሁ። ለቅሶን የሚያሸንፍ ሰዓት የለም።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው አለ። በሚቀጥለው ወር የዚህ ስብሰባ ቀጣይ ገለጻ በዙም ነው የሚሆነው። ሰዓቱን አልወሰንኩም። ሮብ ምሽት 2 ተኩል የሚመቻችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ። ሐሙስስ? አሁን ደግሞ ሁለቱም ጊዜ እጃችሁን ያላወጣችሁ፣ እባካችሁ በሻይ እረፍት ላይ ወደኔ ብቅ በሉ። በዚያ ሰዓት የት እንደምትሆኑ ንገሩኝ፤ ደብተሬን ይዣለሁ።

አመሰግናለሁ።