ጣራ ላይ ያወጣሁት 54 ኪሎ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። በመሃል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጎረቤቴ ነው፣ ይቅርታ አድርጉለት። እኔም ለሁለት ወር ሰላም ነስቼዋለሁ።

ወሬዬ ስለ ፖርቶመጋላ ነው። አዎ፣ መኪና ጣራ ላይ የሚታሰረው የዕቃ መጫኛ። ለፎርባይፎሬ በገዛ እጄ ሠራሁለት። እንደውም ሁለት ጊዜ ነው የሠራሁት። የመጀመሪያውን የጣልኩት ደካማ ሆኖ አይደለም። ከልክ በላይ ጠንክሮ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብየዳ የተማርኩት በቅርቡ ነው። ጀማሪ በያጅ ደግሞ አንድ አመል አለው፤ ብየዳውን ስለማያምነው ብረቱን ያወፍራል። እኔም 25 በ25 ሚሊሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማእዘን ብረት) ስመርጥ ውፍረቱን 3 ሚሊሜትር አደረግኩት። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20። ዙሪያውን ከላይም ከታችም ብረት፣ በመሃል 8 አግዳሚ፣ ከዚያ ላይና ታቹን የሚያያይዙ ቋሚዎች። ሌሊት ተኝቼ «እዚያ ጋ ቢላቀቅስ?» እላለሁ። ጠዋት ተነስቼ አንድ ብረት እጨምራለሁ።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት በያጅ ሊያዩልኝ መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩት። በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ የሚሸከመው ምንድነው? ቤት ነው?» አሉኝ።

እኔ ሞኙ እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

ቀለም ተቀብቶ ደረቀ። ጎረቤቴን ጠርቼ ልናነሳው ስንል መጀመሪያ የነገረኝ ወገቤ ነው። «ቆይ እስቲ» አልኩና ከቤት የሰውነት ሚዛን አመጣሁ። ያቺ ጠዋት ጠዋት የምንወጣባትን። አንዱን ጫፍ ሚዛኗ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በእኩል ከፍታ እንጨት ላይ አስቀመጥን። 26 አለች። አዙረን ሌላውን ጫፍ አስቀመጥን። 28። ደምሩት። 54 ኪሎ።

ከዚያ የመኪናውን መመሪያ አወጣሁ። ማንበብ የነበረብኝ ብረት ከመግዛቴ በፊት ነበር፣ ተውት። በእኔ መኪና ጣራ ላይ በጉዞ ጊዜ የሚፈቀደው 75 ኪሎ ነው። ፖርቶመጋላው ራሱ እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ስለዚህ የቀረኝ 21 ኪሎ ነው። 20 ሊትር ናፍጣ 17 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የብረት ጀሪካኑ ራሱ ወደ 4 ኪሎ። 21 ሞላ። አንድ ጀሪካን ለመሸከም 54 ኪሎ ብረት በይጄያለሁ ማለት ነው። (ነዳጅ ጣራ ላይ ማውጣቱ ራሱ ጥሩ ሐሳብ አልነበረም፣ እሱንም ተውት።)

«ታዲያ ሰው ጣራ ላይ ድንኳን ዘርግቶ ይተኛ የለም እንዴ?» አለኝ ጎረቤቴ። ልክ ነው፣ ይተኛል። መኪና ቆሞ እያለ ጣራው ብዙ ይችላል። ችግሩ ሲሄድ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ዘው ሲል ያ ጭነት ተነስቶ ይወርዳል፤ ያኔ ሚዛን ላይ የነበረው ኪሎ አይደለም። ኩርባ ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይጎትታል። ወለል ላይ ያለ 50 ኪሎና ጣራ ላይ ያለ 50 ኪሎ አንድ አይደሉም። በተለይ አንድ ጎማችሁ ድንጋይ ላይ ወጥቶ መኪናው ዘመም ሲል ልዩነቱን ሆዳችሁ ያውቀዋል።

ሁለት ሳምንት ዞር ብዬ አላየሁትም። መጀመሪያ የተናደድኩት በመመሪያው ነው። ከዚያ ግን እያሰብኩ ሄድኩ። ያን ሁሉ ብረት የጨመርኩት ለዕቃው ብዬ አልነበረም። መንገድ ላይ ተሰብሮ ሰው ሲያየኝ ነበር የታየኝ። ያፈርኩት ገና ሳይሰበር ነው።

ሁለተኛውን በ1.5 ሚሊሜትር ጀመርኩ። ባለ 3ቱ በሜትር 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ባለ 1.5ቱ 1.1። አግዳሚውን ከ8 ወደ 6 አወረድኩት። እግሮቹን ግን ከ4 ወደ 6 ጨመርኩ፤ ትንንሽ አድርጌ። ጭነቱ ጣራው ላይ በብዙ ቦታ ሲከፋፈል አንዱም እግር አይጨናነቅም።

ስሱ ብረት ግን ይቅርታ አያውቅም። ኤሌክትሮዱን፣ ማለትም የመበየጃ ዘንጉን፣ ለአፍታ ካቆያችሁበት ይበሳል። የመጀመሪያውን ጎን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ በየድኩትና ደስ አለኝ። ከማእዘን ወደ ማእዘን ስለካ አንዱ ሰያፍ 2 ሜትር ከ33 ነው፣ ሌላው በአንድ ሴንቲሜትር ያጥራል። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ስቦታል። በግራይንደር ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። አሁን አራቱንም ማእዘን ጠብ ጠብ አድርጌ አስያዝኩ፣ ሰያፎቹን ለካሁ፣ ከዚያ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እያልኩ ሞላሁት። እኩል ወጣ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ግን አጨብጭቤያለሁ።

በዚያው፦ ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ የምትበይዱበትን ቦታ ልጣችሁ አንሱት፤ ጭሱ ትኩሳት ያስይዛል። መኪናው አጠገብም አትበይዱ፤ ፍንጣሪው መስታወት ላይ ነጥብ ነጥብ ትቶ ይሄዳል። የቱቦላሬውንም አፍ ዝጉት፣ አለዚያ ውሃ ገብቶ ከውስጥ ይዝጋል፤ እናንተ ከውጭ ቀለም ትቀባላችሁ።

ሚዛኗን እንደገና አወጣኋት። 28 ኪሎ። 47 ተረፈኝ።

መጀመሪያ ስነዳ 80 አካባቢ ስደርስ ፉጨት ጀመረ። ቀጭን፣ የማይቋረጥ። ጥርስ ያሳክካል። ነፋሱ የፊተኛውን አግዳሚ ሲያልፍ ከኋላው በእኩል ምት ይሽከረከራል፣ ያ ምት ነው የሚያፏጨው። ቀጭን ገመድ ብረቱ ላይ እንደ እባብ ጠመዝምዤ አሰርኩበት። ምቱ ተሰባበረና ዝም አለ። ከመጀመሪያው ኮረኮንች መንገድ ስመለስም ሁለት የብሎን ዳዶ ላልቶ አገኘሁ። አጠበቅኳቸው፤ አሁን ከጉዞ በፊት የዳዶውን ቁልፍ ይዤ አንድ ዙር እዞራለሁ።

አሮጌው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለፈው አንድ ሰው አይቶት «ትሸጠዋለህ?» አለኝ። እውነቱን ልንገረው ብዬ «54 ኪሎ ነው» አልኩት።

ዓይኑ በራ። «አየህ፣ ጥንካሬ ማለት ይሄ ነው!»

እስካሁን አልሸጥኩለትም።