በየትኛው ቁና?

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ?

አዘጋጆቹ ስለ ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ መረጃ አሰባሰብ መስፈርት 15 ደቂቃ ተናገር ብለውኛል። ረቂቁ በእጃችሁ ስላለ አላነብላችሁም። እኔ የመጣሁት ስለ ቁና ላወራ ነው። አትሳቁ።

ከብዙዎቻችሁ ጋር ጭቃ አብረን ረግጠናል። ያኔ መጠይቁ ወረቀት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ከራሳችን በፊት የምንሸፍነው እሱን ነበር። በዚያ ዘመን ምንጃር ውስጥ አንድ አዛውንት ቤት ገባሁ። ጠላ ቀረበልኝ። «አባቴ፣ ዘንድሮ ስንት ቁና ጤፍ አገኙ?» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «በየትኛው ቁና ልጄ?» አሉ።

ስንት ዓይነት ቁና አለ ብዬ ብጠይቅ ልጃቸውን ልከው ሁለት አስመጡ። አንዱ የቤት ነው። ሌላው ነጋዴ ሲገዛ የሚሰፍርበት። «ደግሞስ ተቆልሎ ነው ተጠርጎ?» ብለው ጨመሩልኝ። እኔ ዲግሪ ይዤ ሄጃለሁ። እሳቸው የጥናታችንን ቀዳዳ በሁለት ጥያቄ አሳዩኝ።

ታዲያ ምን አደረግኩ? እውነቱን ልናገር፤ «20 ቁና» ብዬ ጽፌ ወጣሁ። መሽቶብኛል፣ ገና አምስት ቤት ይቀረኛል። ቢሮ ስንገባ የሁሉንም ሰው ቁና በአንድ ቁጥር አባዝተን ኪሎ አደረግነው። ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ ስመለስ የመንጠልጠያ ሚዛን ይዤ ሄድኩ። የቤቱ ቁና ተጠርጎ 5 ኪሎ አልሞላም። የነጋዴው ተቆልሎ ከ6 አለፈ። ሪፖርቱ ግን ታትሟል። አማካይ ምርቱም በኪሎ ተጽፏል፣ ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ ተጨምሮበት!

እስቲ አስቡት፣ ከአምስት አንድ እጅ የሚበልጥ ልዩነት ነው። ስንት አዲስ ዝርያ ነው ከዚያ ባነሰ ጭማሪ ያጨበጨብንለት?

መሬቱም ያው ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። የማን በሬ? ምን ዓይነት አፈር? በየአካባቢው ደግሞ ቀርጥ፣ ገመድ፣ ቦይ የሚባል የመሬት መለኪያ አለ። በ2004 ዓ.ም. ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ከዓለም ባንክ ጋር የገጠሩን ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ጥናት ሲጀምር ማሳውን በጂፒኤስ፣ ትንንሹን ደግሞ በገመድና በኮምፓስ ለካ። ምርቱን ለማወቅ 4 በ4 ሜትር አጭዶ መዘነ። ኋላም የየአካባቢው መስፈሪያ በኪሎ ስንት እንደሆነ ሠንጠረዥ አወጣ። ሠንጠረዡ ለሁሉም ክፍት ነው። ስንቶቻችን ከፍተነዋል?

አልከፈትነውም። እያንዳንዳችን «የራሴ መጠይቅ» እንላለን። አንዱ በሄክታር ይጠይቃል፣ ሌላው በጥማድ። አንዱ የመኸሩን፣ ሌላው «ያለፉትን 12 ወራት» ይላል። ያንኑ ገበሬ በአንድ ዓመት ሦስት ተቋም ሦስት ሰዓት ሦስት ሰዓት ያስቀምጠዋል። መልሶቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይገጣጠሙም። ከዚያ «ገበሬው ዋሽቷል» እንላለን። ኧረ እንፈር! ትንሽ ማሳ ያለው አብዝቶ፣ ሰፊ ያለው አሳንሶ እንደሚናገር በብዙ አገር ታይቷል። እሱ በዓይኑ ነው የገመተው። ገመድ ይዘን መሄድ የነበረብን እኛ ነን።

ቃሉም መስፈሪያ ነው። «የቤተሰብ አባል ስንት ነው?» እንላለን። አንዲት እናት ስምንት አሉኝ። ቆጠርን። አንዷ ጅዳ ናት፣ አንዱ አዲስ አበባ አግብቶ ወልዷል። ለእሳቸው ቤተሰብ ነው፤ ትክክል ናቸው። እኛ የፈለግነው ከአንድ ድስት የሚበላውን ነበር። ታዲያ እንደዚያ ብለን እንጠይቃ! «ባለቤት» ደግሞ አለ። «የቤቱ ባለቤት ማን ነው?» ስትሏት «ባለቤቴ ገበያ ሄዷል» ትላችኋለች።

የንግዱ ክፍል ረቂቁ ላይ ጥሩ ተጽፏል። ነጋዴን «ትርፍህ ስንት ነው?» ማለት ግብር ሰብሳቢ መምሰል ነው። በስንት ገዛህ፣ በስንት ሸጥክ፣ ለመኪና፣ ለጫኝና ለደላላ ስንት ከፈልክ ተብሎ በየተራ ይጠየቅ። ያንንም በምን እንደሚሰፍር ጨምሩበት።

ስለ ታብሌት የምለው ብዙ የለኝም። ስህተቱን ቶሎ ያደርስልናል። የመረጃ ሰብሳቢዎቹ አበል ግን በጊዜ ይከፈል፤ ሲመሽ «20» ብሎ የሚወጣው እንደኔ የደከመው ነው።

ረቂቁ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንዲጨመር እጠይቃለሁ። በኪሎ ያልተመዘነ መስፈሪያ ወደ ኪሎ አይቀየር። በመጥሪያው ደብዳቤ ከየወረዳችሁ አንድ ቁና ይዛችሁ ኑ ተብላችሁ ነበር። ከበሩ አጠገብ የተደረደሩትን አይቻለሁ። ሚዛኔም እዚያው ተሰቅሏል፣ ጤፉም አለ። ሻይ ከመጠጣታችን በፊት እንስፈር።