የሙያ ማዕረግና የአዛዥነት ማዕረግ፦ በደብረ ማርቆስ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎች፣ በሠራዊቱ አገልግላችሁ ጡረታ የወጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ የቴክኒክና ሙያ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምንናገረው በሠራዊቱ ውስጥ ለባለሙያ ከአዛዥነት ማዕረግ የተለየ የሙያ ማዕረግ እንደሚያስፈልግ ነው። የማዕረግ ስሞቻችንን አንድ በአንድ እንጥራቸው። አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ። የመጨረሻውም ሺ አለቃ ማለት ነው። ሁሉም ሰው ይቆጥራሉ፤ ባለቤቱ ምን እንደሚያውቅ የሚናገር አንድም የለም። ጦሩ በብዛትና በጀግንነት በሚለካበት ዘመን ይህ ይበቃ ነበር። ዛሬ በአንድ ብርጌድ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ አለ፣ የመድፍ መካኒክ አለ፣ የቀዶ ሕክምና ረዳት አለ። ሬዲዮ ጠጋኙን ሃምሳ አለቃ ብንለው ከሥሩ ሃምሳ ሰው ቀርቶ አምስትም የለውም። ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ባልተነሳ ነበር። የዕድገት መሰላሉ አንድ ብቻ በሆነበት ሠራዊት ግን ደመወዙም፣ ክብሩም፣ ጡረታውም ከዚያ የሰው ቁጥር ጋር ታስሯል።

ነገሩ ቆየት ያለ ነው። በ1888 ዓ.ም. የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃም ጦር በተሰለፈበት በአድዋ የመድፈኛው አዛዥ በጅሮንድ ባልቻ ነበሩ። በጅሮንድ የግምጃ ቤት ሹመት ነው። ፊታውራሪ፣ ቀኝአዝማች፣ ግራአዝማች ደግሞ በሰልፍ ቦታ የተሰየሙ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ መድፍ ማወቅን የሚጠራ የለም። ባልቻ ኋላ ሲከበሩ ያገኙት ደጃዝማችነትና አገር ገዢነት ነው። እሳቸው ሁለቱንም ችለውበታል፤ ሥርዓት ግን ሁለቱንም በሚችል ብርቅ ሰው ላይ አይቆምም።

መሰላሉ አንድ ሲሆን የሚበላሸው እንዲህ ነው። የቲ-55 ታንክ ሞተር 12 ሲሊንደር፣ 580 የፈረስ ጉልበት ያለው የናፍጣ ሞተር ነው። የአየር ማጣሪያው በሰዓቱ ካልታጠበ አቧራ ይገባና ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይበላል፤ ሞተሩ ዘይት መጠጣት ይጀምራል፣ ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል። ይህን ሞተሩ ሳይፈታ በድምፁና በጭሱ የሚለይ መካኒክ በአንድ ዓመት አይገኝም። ልጆቹን ለማሳደግ የተሻለ ደመወዝ ሲፈልግ ግን ያለው መንገድ የሰው አለቃ መሆን ነው። ስለዚህ ይሾማል። ከዚያ በኋላ ውሎው የጥበቃ ተራ ማውጣት፣ ፈቃድ መጻፍ፣ የተጣላ ማስታረቅ ይሆናል። ጋራዡ አዋቂውን አጣ፤ ጓዱም መምራት የማይወድ መሪ አገኘ። ሁለት ቦታ በአንድ ሹመት ጎደለ።

ከዚህ የሚብሰው የሥልጣን ጉዳይ ነው። ሁላችሁም ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ካልወረደና ሾፌሩ ፍሬን እየረገጠ ከዋለ ታምቡሩ ይግላል። የጋለ ታምቡር ይሰፋል፤ ከፍሬን ሸራው ይርቃል። በአየር በሚሠራ ፍሬን ላይ ገፊው ዘንግ ሸራውን ለማግኘት ከወትሮው ርቆ መሄድ አለበት። የፍሬኑ ማስተካከያ አስቀድሞ ካልጠበቀ ዘንጉ የመጨረሻ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ የአየር ግፊቱ በመለኪያው ላይ ሙሉ እየታየ መኪናው አይቆምም። መካኒኩ ከመነሳቱ በፊት ከሥር ገብቶ የዘንጉን ርቀት ለክቶ፣ «ይህ መኪና ሳይስተካከል አይወርድም» ይላል። አዛዡ ሻምበል ነው፣ ሰዓት አልፎበታል፤ መካኒኩ አስር አለቃ ነው። በሰው ቁጥር በሚለካ ማዕረግ አስር አለቃ ለሻምበል «አይሆንም» የሚልበት ወግ የለም። እኛ የሙያ ማዕረግ ያስፈልጋል የምንለው ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው፤ በሰዎቹ ላይ ሳያዝዝ በመኪናው ላይ የሚያዝዝ ሰው እንዲኖር።

ሌሎች ሞክረውታል፤ ስህተታቸውም ያስተምራል። የአሜሪካ ምድር ጦር በ1955 እ.ኤ.አ. ስፔሻሊስት የሚባል ማዕረግ ከበታች ሹሙ ጎን ፈጠረ፤ ደመወዙን አስተካክሎ ማዘዝን ለበታች ሹሙ ብቻ ተወ። በ1958 እስከ ዘጠነኛው የደመወዝ እርከን ዘረጋው። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ተቆረጠ። ሁለቱ ከፍተኛ ደረጃዎች በ1960ዎቹ፣ ሰባተኛው በ1978፣ ስድስተኛውና አምስተኛው በ1985 ቀሩ፤ ዛሬ ያለው አራተኛው ብቻ ነው። በእኛ ግምት ያፈረሰው የሥራ መደቦቹ አስቀድመው አለመለየታቸው ነው። ነባሩ ስፔሻሊስት በተግባር አምስትና ስድስት ወጣት እየመራ ይውላል፣ የመሪ ሥልጣን ግን የለውም። የዚያው ጦር ዋራንት ኦፊሰር ግን ከ1918 ጀምሮ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህ ከበታች ሹም በላይ፣ ከመስመር መኮንን፣ ማለትም ሰው ከሚመራው መኮንን፣ በታች የተቀመጠ የሙያ መኮንን ነው፤ ሥራው ሄሊኮፕተር ማብረር ከሆነ እስከ ጡረታው ያንኑ እያበረረ በራሱ እርከን ያድጋል። የአየር ኃይላቸው በ1959 ይህን ማዕረግ መስጠት አቁሞ ነበር፤ የሳይበርና የኮምፒውተር ባለሙያ ለማቆየት ሲል በ2024 መልሶታል።

ለእኛ ግን ምሳሌው ቅርብ ነው። በጎጃሙ የቅኔ ትምህርት ቤት በዋሸራ የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቱ (ከሁለት ስንኙ) ጉባኤ ቃና ተነስቶ፣ በዋዜማና በሥላሴ አልፎ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የሚያሳድገው መምህሩ ፊት የሚዘርፈው ቅኔ ነው፤ ዕድሜውም ከኋላው ያለው ሰውም አይቆጠርም። የቅኔ መምህሩን ለማክበር ሲባልም ገበዝ አያደርጓቸውም። ገበዙ ንብረቱን ይጠብቃል፣ አስተዳዳሪው ደብሩን ያስተዳድራል፣ መምህሩ ጉባኤያቸውን ዘርግተው ይከበራሉ።

ወደ ሥራው ስንመጣ መጀመሪያ መለየት ያለበት መደቡ ነው፤ ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በእያንዳንዱ መደብ ላይ «ይህ ሥራ የሚሠራው ሰው በማዘዝ ነው ወይስ በእጅና በእውቀት?» ተብሎ ይጠየቅ። አስቸጋሪው የጋራዥ ኃላፊነት ነው፤ ሁለቱም አሉበት። እዚያ ሁለት ሰው ይቀመጥ፦ አለቃው የሰው ተራ፣ ፈቃድና ዲሲፕሊን ይያዝ፤ ዋናው ባለሙያ የጥገና ቅደም ተከተል፣ የመለዋወጫ ቅበላና የማለፊያ ፊርማ ይያዝ።

ፈተናው በወረቀት አይሁን። ሦስት ብልሽት ሆን ተብሎ የገባበት ሞተር ወይም ሬዲዮ ይሰጠው፤ በተወሰነ ሰዓት ያግኝ፣ ምክንያቱን ይጻፍ፣ ያስተካክል። ፈታኙ ከሌላ ብርጌድ ይምጣ፤ የራሱ አዛዥ ወይ ይራራለታል ወይ ይቀየምበታል። መሣሪያው ስለሚለወጥ በየ2 ዓመቱ ይታደስ፤ የወደቀ 6 ወር ተሰጥቶት ይድገም።

ደመወዝ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ልዩነቱ በሙያ አበል ከተሸፈነ ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ አበል ግን ጡረታ ላይ አይታሰብም። ሃያ ዓመት ያገለገለው ባለሙያ ይህን ሲያሰላ ከተማ ወርዶ ጋራዥ ይከፍታል። ጭማሪው መነሻ ደመወዙ ውስጥ ይግባ፤ የመጨረሻው የባለሙያ እርከን ከሻለቃ ደመወዝ ይስተካከል።

ውጊያ ላይ መሪ ሲወድቅ ማን ይተካ የሚለው አስቀድሞ ይጻፍ። በደመወዝ ቢያንስም ቀጣዩ የመስመር ሰው ይተካል፤ ባለሙያዎች ብቻ ከቀሩ ነባሩ ይመራል፣ መሪ እስኪላክ። ስለዚህ ባለሙያውም ጠመንጃ፣ ጥበቃና የመጀመሪያ እርዳታ አይቅርበት። ምልክቱ በቀለም ይለይ፤ በግርግር መካከል ወታደሩ ትእዛዝ ከማን እንደሚጠብቅ ትከሻ አይቶ ይወቅ። መምራት የሚወድ ባለሙያ ካለም የመሪነት ኮርስ ወስዶ የሚሻገርበት በር ክፍት ይሁን።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይደረግም። ከአንድ ብርጌድ ጋራዥና መገናኛ ይጀመር። መጀመሪያ የሚታተመውም አዲስ የተሽከርካሪ መዝገብ ነው፤ በየገጹ ግርጌ ሁለት የፊርማ ቦታ ያለው። አንዱ «ይነሳል» ወይም «አይነሳም» ለሚል ባለሙያ፣ ሁለተኛው ባለሙያው «አይነሳም» ባለው ላይ «በእኔ ኃላፊነት ይነሳ» ብሎ ስሙንና ሰዓቱን ለሚጽፍ አዛዥ።

ስላደመጣችሁን እናመሰግናለን።