ትዝታ ብለው ጠሩኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ያለሁት ደሴ፣ እናቴ ቤት ነው። ከጦሳ የወረደው ጉም መስኮቱ ድረስ መጥቷል። ቆርቆሮው ላይ ካፊያ አለ፣ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ስለ ስሜ ላወራችሁ ነው። ትዝታ።

ስሜን ስናገር ሰው ወይ ያንጎራጉራል፣ ወይ «ማንን አስታውሰው ነው ያወጡልሽ?» ይለኛል። በቀደም ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ አንዲት እናት ሁለቱንም አደረጉ። መጀመሪያ እጄን ይዘው አንጎራጎሩ። ከዚያ ጠየቁኝ። «እህቴን» አልኳቸው። «አብሽሪ ልጄ» አሉና እጄን ሳይለቁ ዝም አሉ።

ከእኔ በፊት አንድ እህት ነበረችኝ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። እኔ ስወለድ አያቴ ስም ይዛ ነው የጠበቀችኝ፤ ካሳነሽ። አገሩ እንደዚህ ነው። ልጅ የሞተበት ቤት ቀጥሎ የተወለደውን ካሳ ይለዋል፣ ምትኬ ይለዋል፣ ማስረሻ ይለዋል። ስሙ የወላጅ እንባ ማበሻ ነው።

እናቴ ግን እምቢ አለች። ገና አራስ ናት፣ በቅጡ እንኳን አልተቀመጠችም። «የሚያስረሳኝ ስም አልፈልግም። ትዝታ በሏት» አለች። አያቴ ተቆጣች። «ለዚህች ለአንድ ፍሬ ልጅ ሐዘን ታሸክሚያታለሽ?» አለቻት። ይህን ታሪክ ከሁለቱም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ለአንዳቸው መፍረድ አልቻልኩም። አያቴ እስክታርፍ ድረስ ካሳዬ እያለች ጠራችኝ። እናቴ ትዝታ።

ሳሎን ቡፌው ላይ የእህቴ ፎቶ አለ። ፎቶ ቤት የተነሳችው ነው። ነጭ ጫማ አድርጋለች፣ የአንዱ ጫማ ማሰሪያ ተፈትቷል። ልጅ እያለሁ እናቴ «ትዝታ!» ብላ ስትጣራ፣ አቤት ከማለቴ በፊት ወደ ፎቶው አያለሁ። የተጠራችው እሷ ትመስለኝ ነበር። ከተማዬ ስሟን ከደስታ ያገኘች ናት፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አወጡላት ይባላል። የእኔ ለምን ከሐዘን ወጣ እያልኩ በልጅነቴ ብዙ አኩርፌያለሁ።

ከፍ ስል ቃሉን ራሱን ማየት ጀመርኩ። «አስታወስኩ» ስንል አድራጊዎቹ እኛ ነን። «ትዝ አለኝ» ስንል ግን እኛ ምንም አላደረግንም። ነገሩ ራሱ ነው የመጣው። ቡና እየተቆላ፣ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን፣ ድንገት ትዝ ይለናል። ትዝታ የወጣው ከዚያ ነው። ሳይጠሩት የሚመጣ ማለት ነው። እኔም ስሜን መውደድ የጀመርኩት ይህ ሲገባኝ ነው። ማንም ሳይጠራው የሚመጣ ነገር ሐዘን ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ሳቅም ይመጣል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ትዝታ ቅኝት ነው፤ ዜማ የሚወጣበት የአምስት ድምፆች ስልት። አራቱን ታውቋቸዋላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር መውጫ ያለችው የሰኞ ገበያ ከተማችን ናት። አምባሰል ከሐይቅ ወዲያ ያለው አገር ነው፤ ማሪቱ ለገሰ ስታዜመው ያልሰማ ወሎዬ ያለ አይመስለኝም። አንቺ ሆዬ ሴት መጥሪያ ነው። ከአራቱ ለልጅ ስም ሲሆን በብዛት የምሰማው ግን ትዝታን ነው።

አጎቴ ክራር ይመታ ነበር። አንድ ቀን አጠገቡ አስቀመጠኝና «ነይ፣ ስምሽን ላሳይሽ» አለኝ። አምስቱን ድምፅ አንድ በአንድ አሰማኝ። ሙዚቀኞች ሜጀር የሚሉት ትዝታ ነው፣ ብርሃን ያለው። ከዚያ ሦስተኛውን ክር ትንሽ አላላ። አምስተኛውንም አላላ። ግማሽ ድምፅ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ያንኑ ዜማ መልሶ ሲመታው ሆዴ ተላወሰ። ማይነር የሚባለው ነው። «ሁለቱም ትዝታ ነው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ዘፈኑማ የሁላችንም ነው። ካሳ ተሰማ በክራሩ፣ በዛወርቅ አስፋው በዚያ በሚቆራርጥ ድምጿ፣ ማህሙድ አህመድም ዘፍነውታል። የእኔ የሚሉት ግጥም ይጨምሩበታል እንጂ ዜማው የማንም አይደለም። ወንድ ሲዘፍነው ትዝታ አንቺ ትሆናለች፣ ሴት ስትዘፍነው አንተ ይሆናል። ሙላቱ አስታጥቄ ግጥሙን ትቶ በመሣሪያ ብቻ ተጫውቶታል። ፈረንሳይ አገር የሚታተመው ኢትዮፒክስ የተባለው ተከታታይ ሲዲም በ2002 እ.ኤ.አ. 10ኛውን ቅጽ ትዝታ ብሎ ሰይሞታል። ቋንቋችንን የማይሰማ ሰው ስሜን ሲዲ ላይ አንብቦ ያውቀዋል ማለት ነው። ይህ እስካሁን ይገርመኛል።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ትናንት ማታ ልነግራችሁ ብዬ ነው። እናቴ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። እኔ አጠገቧ ነኝ። ይህን ያህል ዓመት ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ማስታወሻም አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ለምን ትዝታ አልሽኝ?»

ቀና ሳትል መለሰችልኝ። «እህትሽ ያለ እሱ አትተኛማ! አጎትሽ ክራሩን ይዞ ካልመታላት እንቅልፍ የለም። እሷ ከሄደች በኋላ ቤቱ ጭር አለ። አንቺ ስትመጪ ያንን ዘፈን መልሼ መጥራት ፈለግኩ።»

ስለ ሐዘን አንድም ቃል አልተናገረችም። ይህን ሁሉ ዓመት እኔም አያቴም ስሙን የሐዘን አድርገን ነበር የያዝነው።

«የትኛውን ነበር የሚመታላት?» አልኳት። ሜጀር፣ ማይነር ብላት አይገባትም። «እስቲ አንጎራጉሪልኝ» አልኳት። ጣቷን ምስሩ ውስጥ እንደከተተች፣ በዝግታ አንጎራጎረች። ጆሮዬን ወደ ሦስተኛው ድምፅ ጣልኩ። አልወረደም። አምስተኛውን ጠበቅኩ። እሱም አልወረደም።