ሄይሎ፦ ሜዳው ሲሰፋና ኮሪደሩ ሲጠብ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ መጀመሪያው ሄይሎ፣ ስለ ተኩስ ቪዲዮ ጌሙ ነው። ስልክ ስናነሳ የምንለው ሄሎ አይደለም፤ ህዋ ላይ የተንጠለጠለች፣ ቀለበት የመሰለች ሰው ሠራሽ ዓለም ስም ነው። ጌሙን በንጂ የሚባለው ስቱዲዮ ሠራው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2001 ከመጀመሪያው የጌም ማጫወቻ ኤክስቦክስ ጋር እኩል ገበያ ወጣ። እኔ ይህን ጌም እወደዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ግማሹን ነው። የሚያስወድደውም የሚያስጠላውም ነገር ምንጩ አንድ ይመስለኛል፦ የጠላቱ ጭንቅላት።

አንድ ፍልሚያ እንያዝ። ከአራቱ የክብደት ደረጃዎች መጨረሻው ላይ፣ ሌጀንደሪ ላይ ናችሁ። ፊት ለፊት አንድ ኢሊት፣ ሰውነቱን የኃይል ጋሻ የሸፈነው የጠላት ተዋጊ፣ ቆሟል። ዙሪያውን አራት አምስት ግራንት፣ እነዚያ ድንክዬዎቹ። ጀማሪ ምን ያደርጋል? አሳልት ራይፉሉን ይደግንና 60ውንም ጥይት ያርከፈክፍበታል። ጋሻው ሊያልቅ ሲል ጥይቱ ያልቃል። ኢሊቱ ከድንጋይ ጀርባ ሸሸግ ይላል፣ ጋሻውን ሞልቶ ይመለሳል። በቃ፣ እንደ አዲስ።

የሚያዋጣው ሌላ ነው። የፕላዝማ ሽጉጡን ቃታ ስባችሁ ያዙ። አረንጓዴው ኳስ ሲሞላ ልቀቁት፤ ኳሱ ራሱ ኢላማውን እየተከተለ ሄዶ ጋሻውን በአንድ ምት ይገፍፈዋል። ወዲያው መሣሪያ ቀይራችሁ በመደበኛው ሽጉጥ አንድ ጥይት ጭንቅላቱ ላይ። አለቀ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቀየሩ ላይ ነው፤ ፕላዝማው ከተለቀቀ በኋላ ስለሚግል ለትንሽ ጊዜ አይተኩስም፣ ቃታውን ደጋግሞ መነካካት ሞት ነው። ከሩቅ መልቀቅም አያዋጣም፣ ኢሊቱ ወደ ጎን ተወርውሮ ያመልጣል። አለቃቸው ሲወድቅ ግራንቶቹ እየጮኹ ይበተናሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለቀማ ነው።

አያችሁ፣ እዚህ ጋ ጠላቱ ያስባል። ይሸሻል፣ ይሸሸጋል፣ ይደነግጣል። እናንተም እንድታስቡ የሚያስገድዳችሁ መያዝ የሚቻለው ሁለት መሣሪያ ብቻ መሆኑ ነው። ፕላዝማና ሽጉጥ ከያዛችሁ ሾትገኑ መሬት ላይ ይቀራል። የእጅ ቦምብ ግን የራሱ ቁልፍ አለው፣ በቡጢ መምታትም እንደዚያው፤ መሣሪያ ሳትቀይሩ ትወረውራላችሁ። ከሁለቱ ዓይነት ቦምብ አራት አራት ይያዛል። ጋሻችሁ ጥቂት ሰከንድ ካልተመታ ራሱን ይሞላል፣ ጤናችሁ ግን ያለ ሕክምና ሣጥን አይመለስም። ይህ ድብልቅ በጣም ደስ ይለኛል፤ ያለፈው ስህተት እስከሚቀጥለው ሣጥን ድረስ ይከተላችኋል።

መደበኛዋ ሽጉጥ ግን ዐይን ያወጣ አድልዎ ናት። 12 ጥይት፣ ሁለት እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር። ሀንተር የሚባለው ግዙፍ ጋሻ ጃግሬ እንኳ፣ ሲወነጨፍባችሁ ጎን ብላችሁ ብርቱካናማ ጀርባው ላይ አንድ ጥይት ካሳረፋችሁ ይወድቃል። ታዲያ ሌላውን መሣሪያ ማን ያነሳዋል?

አሁን ወደ ሕመሙ። ሰባተኛው ሚሽን፣ ላይብረሪው። ፍለድ የሚባሉት ጥገኛ ፍጥረታት ሲመጡ መደበቅ የለ፣ መደንገጥ የለ፤ እንደ ጎርፍ ወደ እናንተ ብቻ ይሮጣሉ። ኮሪደሩ ያው፣ በሩ ያው፣ ፎቁም ያው። የሚያስብ ጠላትና ሰፊ ሜዳ አንድ ላይ ሲጠፉ የዚህ ጌም ውበት አብሮ ይጠፋል። ስናይፐር ይዛችሁ ከገባችሁ ተበላችሁ፤ ጥይቱ በስቷቸው ያልፋል እንጂ እምብዛም አይጎዳቸውም። ሾትገን ያዙ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈጋችሁ ተኩሱ። ያበጠውንና የሚንከላወሰውን ፍለድ ግን አታስጠጉት፤ ሌሎቹ መሀል ሳለ ከሩቅ ምቱት፣ ሲፈነዳ ዙሪያውን ይዞ ይሄዳል። የወደቀም ሞተ አትበሉ፣ አንዳንዱ ተነስቶ ይመጣል።

የድግግሞሹ ነገር በዚህ አያበቃም። ከአሥሩ ሚሽኖች ስምንተኛው አምስተኛውን ወደ ኋላ የሚያስኬድ ነው፤ ዘጠነኛው ወደ ሦስተኛው መርከብ ይመልሳችኋል፣ አሥረኛው ወደ መጀመሪያው። ስምንተኛውን እምራለሁ፤ ኮቨናንት (እነ ኢሊትና ግራንት ያሉበት ጦር) እና ፍለድ እርስ በርስ ሲፋጁ ከዳር ቆሞ ማየት ይቻላል፣ የተረፈውን መጨረስ ነው።

ሴቭ የሚያደርገውም ጌሙ ራሱ ነው። ጤናችሁ አንድ ፍሬ ቀርቶ፣ ካዝናችሁ ባዶ ሆኖ ሴቭ ካደረገባችሁ ሚሽኑን ከሀ መጀመር ሊኖርባችሁ ነው።

በ2011 የወጣው የአሥረኛ ዓመት እትም በአንድ ቁልፍ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ግራፊክስ ያዛውራል። ስድስተኛው ሚሽን ላይ፣ ረግረጉ ውስጥ፣ ወደ አሮጌው መልሱት። አዲሱ ብርሃን አብዝቶ ጨለማውን ገፎታል፤ ጨለማው ደግሞ ሚሽኑ ራሱ ነበር።

ላይብረሪውን ግን ብቻችሁን አትግቡ። ስክሪኑን ለሁለት ከፍላችሁ ከጓደኛ ጋር ግቡ። አንዱ ሲሞት ሌላው ከፍልሚያው ዞር ካለ፣ የሞተው አጠገቡ ይነሳል፤ ሁለታችሁም ከወደቃችሁ ግን ወደ መጨረሻው ሴቭ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ሾትገን የያዘው ፊት ይሁን፣ ሌላው አንድ በር ያህል ወደ ኋላ ቀረት ይበል።